ከጉያ ከወረደች በኋላ

መስከረም ነው፤ አሰላ ላይ ዝናቡ ገና ጨርሶ አላባራም። ሲስተር የሥራ ዘመናቸውን በሕፃናት ክፍል ነርስነት ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጎረቤቱ ልጁን ታቅፎ በራቸውን የሚያንኳኳባቸው ሴት ናቸው። መምህሩ የወንድማቸው ልጅ ነው። ሳጉሬ አካባቢ ያስተምራል፤ ከአባቱ ጋርም ገብስና ስንዴ ያርሳል። እንኳን አደረስዎ ሊላቸው መጥቶ ቡናው ሳይፈላ የሆዱን አወጣ።

መምህሩ፦ እትዬ፣ ልጅቷ እስካሁን እግር አልተከለችም። ዓመት ከሰባት ወር ሆናት። እኔም እናቷም ጭንቅ ላይ ነን። እማዬ ግን «ልጅ እንደየአመሉ ነው፣ ጊዜዋ ሲደርስ ትሄዳለች» እያለች ታጽናናናለች።

ሲስተር፦ እናትህ ያለችው ግማሹ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ማንም ሳይይዛቸው መራመድ ሲጀምሩ አንዳንዶቹ ገና ስምንት ወር ማለፋቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ 17 ወር ተኩል ሆኗቸዋል። ስለዚህ ዓመት ሞልቶት ያልሄደ ልጅ አያስደነግጠኝም። የአንተዋ ግን 19 ወሯ ነው። አሁን «ይደርሳል» ብሎ መጠበቅ አይበጅም፣ መታየት አለባት። ለመሆኑ ትቆማለች?

መምህሩ፦ ሳጥን ይዛ ትቆማለች። ግን ወዲያው ቁጭ ትልና ታለቅሳለች። እግሯም ትንሽ የጎበጠ ይመስለኛል።

ሲስተር፦ ስትተኛ ራሷን ያልባታል?

መምህሩ፦ አዎ፣ በብርድ እንኳ ትራሷ ይርሳል! እንዴት አወቁ?

ሲስተር፦ የእጇ አንጓስ?

መምህሩ፦ ወፈር ያለ ነው። እኛ እንዲያውም አጥንተ ጠንካራ ናት ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ሲስተር፦ ክረምቱን የት ዋለች?

መምህሩ፦ ቤት ነዋ። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ደጅ አልወጣችም ማለት ይቻላል። የእኛን አገር ብርድ ያውቁታል፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ለትልቅ ሰውም አይመች። በዚያ ላይ እማዬ የሰው ዓይን ትፈራለች። አራስ ቤት ሳለችም ጋቢ ተደራርቦባት ከጓዳ ሳትወጣ ነው የከረመችው።

ሲስተር፦ እንግዲህ ሳላያት በሽታዋን አልሰይምም። መራመድ የሚያዘገየው ብዙ ነገር ነው፤ የዳሌ መውለቅ አለ፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ የአንጎል ጉዳት አለ፣ የምግብ እጥረት አለ። የነገርከኝ ሁሉ ግን፣ የራሷ ላብ፣ የአንጓዋ ውፍረት፣ የእግሯ መጉበጥ፣ ወደ ሪኬትስ ይመራኛል። አጥንት ካልሲየም እንዲይዝ ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። ሰውነታችን ይህን ቫይታሚን የሚሠራው ፀሐይ ቆዳ ላይ ስታርፍ ነው፤ ከእናት ጡትና ከምንበላው ምግብ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ፀሐይ ያላየ ልጅ አጥንቱ ሳይጠነክር ያድግና ክብደቱን መሸከም ሲጀምር ይጎብጥበታል፤ ያመዋልም። ቆማ ወዲያው የምታለቅሰው ሰነፍ ሆና አይደለም።

መምህሩ፦ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልለት አገር?

ሲስተር፦ ፀሐይዋ መቼ ጎደለች! አሰላ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ያለች፣ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ እዚህ ይበረታል። ልጅቷን ከፀሐይ የከለሏት ጋቢውና በሩ ናቸው። ይህን ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። አዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል እነ ዶክተር ሉሉ ሙሄ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። የሳንባ ምች ይዟቸው የመጡ 500 ልጆችን የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ነበሩ፤ ከሌሎቹ ግን 20 ብቻ። ገባህ? የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ፣ ጡንቻው የደከመ ልጅ አክታውን በደንብ ስሎ አያወጣም። ሳንባዋን ብርድ እንዳይመታት ብላችሁ የከለላችኋት ፀሐይ ለሳንባዋም መድኃኒቷ ነበረች።

መምህሩ፦ አምና ክረምት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ታክማለች…

ሲስተር፦ ይህንንም ለሐኪሙ ንገረው። ራጅ ትነሣለች፣ ደሟ ይታያል፤ ከዚያ ቫይታሚን ዲ ይታዘዝላታል። በራስህ ፋርማሲ ገብተህ እንዳትገዛ፤ ሲበዛ ይጎዳል። በጊዜ የተያዘ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበረታል፤ በዚህ ዕድሜ የጎበጠ እግርም አብዛኛውን ጊዜ ከዕድገቷ ጋር ይቃናል። ቤት ደግሞ ፀሐይ ባለበት ቀን ሁሉ አውጧት። እጇና እግሯ፣ ጀርባዋ ይገለጥ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ይሞቃል እንጂ አይጠቅማትም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። ብርድ ከፈራችሁ ንፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጉ፤ ግቢያችሁ ውስጥ የጎተራው ጀርባ አለ አይደል?

መምህሩ፦ አለ። ግን እትዬ፣ የከበደኝ ሆስፒታል ማምጣቱ ነው። ነጭ ጋዋን ስታይ ነፍሷ ልትወጣ ነው የምትደርሰው። በ15 ወሯ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካስከተብናት ወዲህ ሐኪም የሚለውን ቃል ስትሰማ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች።

ሲስተር፦ ቤት ውስጥ ስታስቸግር «ለሐኪም ነግሬ መርፌ አስወጋሻለሁ» የሚላት የለም?

መምህሩ፦ ሁላችንም እንላለን።

ሲስተር፦ ተዉ! ስንት ልጅ መሰለህ በዚህ ማስፈራሪያ ታሞ የመጣው፣ መጥቶም ሊመረመር ያቃተው። የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ ክፉኛ የሚፈራው ሕመሙን ሳይሆን ከእናቱ መለየቱን ነው። ስለዚህ እኔ ልጁን ከእናቱ ጭን አላነሣም። መጀመሪያ ሳልነካው፣ ሳያለቅስ፣ ሸሚዙ ብቻ ገለጥ ብሎ ሰዓቴን ይዤ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ። ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ ሳል ካለበት የሳንባ ምች እንጠረጥራለን። አንዴ ካለቀሰ ግን ያ ቁጥር ዋጋ የለውም። ከዚያ ማዳመጫውን እናቱ ደረት ላይ አሳርፋለሁ፤ ቀጥሎ ለራሱ እሰጠዋለሁ፣ ይነካካው፣ አፉ ውስጥም ይክተተው፣ እጠርገዋለሁ። ደረቱን ከዚያ በኋላ ነው የማዳምጠው። ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ። መርፌ ካለ «አያምም» ብዬ አልዋሸውም፤ «ይቆነጥጣል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እማዬ ይዛሃለች» ነው የምለው። አንዴ የዋሸኸው ልጅ ሁለተኛ አያምንህም፤ ልጅ አይገባውም የሚል ነርስ ልጅ አላየም።

መምህሩ፦ ይሄንን ነርስነት ሲማሩ ነው ያስተማሩዎት?

ሲስተር፦ ጥቂቱን ተማርኩት፣ ብዙውን እናቶችና ልጆች አስተማሩኝ። የሕፃናት ነርስነት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆና ተመርቃለች። ነጻነት ሲመለስ አገሯ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠርቶላታል። እሷ በተማረችበት ዘመን እንግሊዝ አገር ሆስፒታል የተኛ ልጅ ወላጁን የሚያየው በተወሰነች ሰዓት ብቻ ነበር። እናት ስትመጣና ስትሄድ ልጁን ታስለቅሳለች፣ ተላላፊ በሽታም ታመጣለች ይባል ነበር። በኋላ ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ሰው ለስምንት ቀን ሆስፒታል የቆየች የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ በፊልም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳየ። ነርሶቹ «ዝም ብላለች፣ ለምዳለች» የሚሏት ልጅ በውስጧ ምን ያህል እንደተሰበረች ዓለም በዓይኑ አየ። ከዚያ ነው ወላጅ ከልጁ ጎን እንዲያድር ቀስ በቀስ የተፈቀደው።

መምህሩ፦ እኛ ዘንድ ደግሞ እናት ከልጇ አልጋ አትነሣም።

ሲስተር፦ ይሄ ሀብታችን ነው! አስታማሚ ከአልጋው ጎን ያድራል፣ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ሌሊት ትንፋሹን ይጠብቃል። ሌላው ዓለም ስንት ተከራክሮ የደረሰበትን እኛ ድሮውንም ይዘነዋል። የሚያሳዝነኝ አንዳንዴ ለሠለጠነ ሥራ ብለን ስንጥለው ነው። በሠራሁበት አንድ ቦታ ሐኪም ሊዞር ሲል «አስታማሚ ውጣ!» ተብሎ ክፍሉ ይጸዳ ነበር። ልጁ በጣም የሚፈራበት፣ እናቱም ስለ ልጇ በጣም የምትጠየቅበት ሰዓት ነው እኮ! ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው ከእሷ በቀር ማን ያውቃል? እኔ ተሟግቼ እናቶቹን አስቀርቻለሁ፤ አሁንም ተማሪዎች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ይልቅ ክንዷን ተለክታ ታውቃለች?

መምህሩ፦ የጤና ኤክስቴንሽኗ በበልግ ለክታት ነበር። ቢጫው ላይ ነው ያረፈው።

ሲስተር፦ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ከ11.5 በታች ቢሆን ቀዩ ነበር። ምን ትበላለች? ጡት አለች?

መምህሩ፦ ጡት ካቆመች አራት ወር ሆናት። እናቷ ስትፀንስ እማዬ «የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል» አለችና እሬት ተቀብቶ አስጣልናት። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች።

ሲስተር፦ ይሄ ነገር ሆዴን ይበላኛል። የእርጉዝ ወተት መርዝ አይደለም። መጠኑ ሊቀንስ ይችላል እንጂ እናትየው ደህና ከሆነችና ሐኪም ካልከለከላት ልጁን አይጎዳውም። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይመከራል። እናንተ ምን አደረጋችሁ? በአንድ ቀን ወተቷንም፣ የእናቷን እቅፍም፣ ማታ የምትጽናናበትንም ነጠቃችኋት። በዚያው ሰሞን እግሯም አልጠና አላት። ልጅ ከጉያ ሲወርድ እንዲህ ነው ከዓይን የሚወጣው። ክትባቱ አልቋል፣ ጤና ጣቢያ የሚያመላልሰው ነገር የለም፤ አዲሱ ሕፃን ሊመጣ ነው፤ «አድጋለች» ይባላል። አላደገችም እኮ! ገና መሬት መርገጧ ነው። ጡቱ ሲቀር በምን ተተካ?

መምህሩ፦ አጥሚት ትጠጣለች። ጠዋት ሻይ በዳቦ። ምሳና እራት ከእኛ ጋር።

ሲስተር፦ ወተትስ? ላም አላችሁ።

መምህሩ፦ ማለዳ ለሰብሳቢው ይሄዳል። እንቁላሉም ለገበያ።

ሲስተር፦ የብዙው ቤት ነገር ነው፤ ብሩም ያስፈልጋል፣ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ስኒ ወተትና አንድ እንቁላል ለእሷ ሳይለይ ማሰሮው ከቤት አይውጣ። ሻይ ደግሞ ለዚች ልጅ አይሰጣት፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምስርና ከአተር የሚገኘውን ብረት ሰውነቷ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከአንድ ትሪ ትበላለች አልከኝ? እንደዚያ ከሆነ ምን ያህል እንደበላች ማንም አያውቅም። ትልልቆቹ ሦስት ጎርሰው እሷ የመጀመሪያውን ገና ታላምጣለች። ለብቻዋ ሳህን ይኑራት። በግድ አትጋቷት፤ ፊቷን ስታዞር ትንሽ ቆይታችሁ፣ እያወራችኋት ሞክሩ። በራሷ እጅ ትጉረስ፣ ይፍሰስባት፣ ግድ የለም።

መምህሩ፦ አጥሚቱ በቂ አይደለም?

ሲስተር፦ አጥሚቱ ውሃ ነው። የአንተ ልጅ ሆድ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥ፤ ያቺን ቦታ ቀጭን አጥሚት ሲሞላት ጠግባ ትተኛለች፣ ጉልበት ግን አላገኘችም። ወፍራም ገንፎ ስትሰጣት ደግሞ መዋጥ ያቅታታል። ለዚህ መፍትሔው እዚሁ አሰላ ነው ያለው። ብቅል።

መምህሩ፦ ብቅል? የጠላው ብቅል?

ሲስተር፦ አዎ፣ ከተማችን ፋብሪካ ተሠርቶለት ለቢራ የሚመረተው፣ እናትህም ለጠላ የምታዘጋጀው። ገብስ ሲበቅል ስታርችን የሚሰባብር ነገር ያወጣል። ወፍራም ገንፎ አገንፍተህ ከእሳት ታወርደዋለህ፤ ፍላቱ በረድ ሲል፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ትነሰንስበትና ታማስለዋለህ። ዓይንህ እያየ ይቀጥናል፤ እንደ አጥሚት ይፈስሳል። ውሃ ግን አልጨመርክበትም፤ የገንፎው ጉልበት እንዳለ ነው። ከዚያ አንዴ መልሰህ ታፈላዋለህ፣ ለንጽሕና። ሳይጠነሰስ አልኮል አይኖረውም፣ አትፍራ። ብቻ ብቅሉ ንጹሕ ይሁን፣ ሻጋታ የነካውን እንዳትጠቀሙ። ቅቤ ጣል ይደረግበት፤ አርሲ ላይ ቅቤና ገብስ እንዴት እንደሚዋደዱ ጩኮ የበላ ሰው ያውቃል።

መምህሩ፦ እኛ ልጅ ሳለን ፋፋ ነበር የሚገዛልን።

ሲስተር፦ ፋፋም እኮ ያው ነው፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚን። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ሲቋቋም ረዱ፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፣ ፋፋም ከዚያ ወጣ። እዚህ ጭላሎ አውራጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ካዱ የተባለውን የእርሻ ልማት ፕሮግራም ጀመሩ፤ የተሻለ ስንዴ፣ የተዳቀለ ላም መጣ። እህሉም ወተቱም በረከተ። ወደ ትንሿ ልጅ አፍ ግን በራሱ አይደርስም፤ የሚያደርስ እጅ ይፈልጋል። እናትህ ቆልታ ባቄላና ሽምብራ ከገብሱ ጋር ታስፈጭ፤ ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ።

መምህሩ፦ እትዬ፣ እኛ ግን እንዲሁ ነው ያደግነው። ከዚህ ከአርሲ እነ ኃይሌ፣ እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ ወጥተዋል። የአርሲ እግር ይደክማል ብዬ እንዴት ልመን?

ሲስተር፦ አገሩ ጉልበት አልነፈገንም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። የምንቆጥረው ያደጉትን ነው፤ የቀሩትን ማን ይቆጥራል? በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 ከመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። በ2011 ዓ.ም 37 ከመቶ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት መካከል ደግሞ ለዕድሜያቸው የሚገባውን አመጋገብ ያገኙት በ2008ቱ ጥናት 7 ከመቶ ብቻ ናቸው። ይሄ ሁሉ ድርቅ የመታው አገር ልጅ አይደለም፤ እህል በሞላበት ቤት ያለም አለበት። ቁመት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በዚያው ዕድሜ ነው አእምሮም የሚገነባው። ለመሆኑ ከእሷ ጋር ማን ይጫወታል?

መምህሩ፦ ጨዋታ እንኳ… እናቷ ሥራ ይበዛባታል። እማዬ ትጠብቃታለች፣ አንቀልባ ላይ ናት አብዛኛውን ጊዜ። ገና አትናገርም፣ ምን ይወራታል?

ሲስተር፦ ስለሚወራላት እኮ ነው የምትናገረው! ስማኝ፣ በምግብ እጥረት ተጎድተው ሆስፒታል የሚተኙ ልጆችን ለማከም የዓለም ጤና ድርጅት አሥር ደረጃ አስቀምጧል። ዘጠነኛው ፍቅርና ጨዋታ ነው፤ ከስኳርና ከፈሳሹ፣ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተጻፈ ሕክምና። ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው። ወተቱን በሰዓቱ እንሰጣለን፣ እንመዘግባለን፤ ጨዋታው መዝገብ የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ግን እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ ጨዋታን እንደ ሕክምና ሞክረው በእንቅስቃሴያቸው ለውጥ አይተዋል። የልጅ ዕድገት መለኪያውንም ለእኛ አገር ልጆች እንዲሆን አስተካክለዋል፤ ፈረንጅ ልጅ የሚጠየቀውን የእኛ ልጅ አይቶት ስለማያውቅ። ጃማይካም አለልህ። ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 የቀጨጩ ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው ለአንዳንዶቹ የጤና ሠራተኛ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄደች እናቶቹን ከልጆቻቸው ጋር መጫወት አስለመደች። መጫወቻው ከቤት ዕቃ የተሠራ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ የተጎበኙት ካልተጎበኙት 25 ከመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

መምህሩ፦ በጨዋታ ብቻ?

ሲስተር፦ ከእናታቸው ጋር በመጫወታቸው። አሻንጉሊት ግዛ አላልኩህም። የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ባቄላ ጨምር፣ ክዳኑን አጥብቀህ እሰር፤ ታንኳኳው። ጣሳ በጣሳ ላይ ትደርድር፣ ታፍርሰው። አጥንቷ እስኪጠና በግድ አታስኪዷት፤ ሲሻላት ግን እጇን ይዛችሁ ወፌ ቆመች በሏት፤ አያቶቻችን ያለ ምክንያት አላመጡትም፣ ልጅ መቆሙ ሲጨበጨብለት መልሶ ይሞክራል። ልብሷን ስታለብሳት «እጅሽ የታለ? ይኸውልሽ!» በላት። ስትጠቁምህ የጠቆመችውን ስም ጥራላት።

መምህሩ፦ በየትኛው ቋንቋ? እናቷ በኦሮምኛ፣ እማዬ በአማርኛ ነው የምታዋራት። አንዱን ተዉ፣ ምላሷ ይዘገያል ብለውናል።

ሲስተር፦ ማን ነው ያለው! ሁሉም በሚቀለው ቋንቋ ያዋራት። ልጅ ሁለት ቋንቋ ስለሰማ አፉ አይታሰርም፤ አሰላ ውስጥ ስንቱ ነው እንዲያ ያደገው። ቃላቷን ስትቆጥር የሁለቱንም አንድ ላይ ቁጠር። ሁለት ዓመት ሲሆናት ሁለት ቃል አያይዛ ካላለች፣ ወይም ከኋላዋ ሆነህ ስትጠራት ካልዞረች፣ ያኔ ጆሮዋ ይታይ።

መምህሩ፦ አሁን ደግሞ የመንጋጋ ጥርሷን እያበቀለች ነው መሰል፣ ሰሞኑን ያስቀምጣታል። የጥርስ ነው ብለን ትተነዋል።

ሲስተር፦ ጥርስ ድድ ያሳክካል እንጂ ተቅማጥ አያመጣም። በዚህ ዕድሜ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ትከታለች፣ ተቅማጡ ከዚያ ነው። ኦ.አር.ኤስ ከነ ዚንኩ ከጤና ኬላ ውሰዱ፤ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም አሥሩን ቀን አስጨርሷት። ምግብ አትከልክሏት። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት፣ ደም ካየህበት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይዘሃት ውጣ። እንጥል ቆራጭና ጥርስ ነቃይ ደጃችሁ እንዳይደርስ፤ በዚያ የተነሣ ደም ፈስሶት የመጣ ልጅ በእጄ ይዣለሁ። እግር ስትተክል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ የምድጃችሁን ዙሪያ ከወዲሁ ከልሉት። ቢያቃጥላትም ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበትና አምጧት።

መምህሩ፦ እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይሠራዋል? እናቷ ስድስት ወሯ ነው። እማዬ ደክማለች። አጨዳውም ደረሰ።

ሲስተር፦ አንተስ?

መምህሩ፦ እኔ?

ሲስተር፦ ግማሽ ቀን አይደለም የምታስተምረው? ጠዋት ከሆነ ፈረቃህ ከሰዓት፣ ከሰዓት ከሆነ ጠዋት ከጎተራው ጀርባ ፀሐይ ላይ ይዘሃት ተቀመጥ። ገንፎዋን አንተ አብላት፣ ጣሳውን አንተ ደርድርላት። ከሰው ልጅ ጋር ግማሽ ቀን የምትውል መምህር ለራስህ ልጅ ግማሽ ሰዓት አታጣም። አዲሱ ሕፃን ሲወለድ እናቷ እሱን ስታጠባ እሷ አንተ ጋ መጥታ የምትቀመጥበት ጭን ከአሁኑ ትልመድ። ሕፃኑንም እንደ እሷ በጋቢ እንዳትቀብሩት።

መምህሩ፦ እማዬ ብትቆጣስ? ወንድ ልጅ ሕፃን ሲያጎርስ…

ሲስተር፦ ለእሷ እኔ እነግራታለሁ፤ እሑድ እመጣለሁ። ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ከእናቷ ጋር ይዘሃት ና፣ ሆስፒታል አብሬያችሁ እገባለሁ። የክትባት ካርዷን እንዳትረሳ። የምትወደው ነገር ካለ፣ ጨርቅም ይሁን ጣሳ፣ አብሮ ይምጣ። ወረፋው ይረዝማል፣ አብልታችሁ ነው የምታመጧት፤ ገንፎም በዕቃ ያዙ። መንገድ ላይም የት እንደምትሄድ ንገራት።